ምርጫ ጣቢያው ግቢያችን የገባበት ዓመት

አባቴ ዓይነ ስውር ነበሩ። ብርሃናቸውን የወሰደው የልጅነት የዓይን ሕመም ነው። ጋሳይ ላይ ከመኪና ተወርዶ ወደ ጉና ተራራ ሽቅብ በእግር በሚኬድበት መንደራችን ዜማ ያስተምሩ ስለነበር አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። እኔ የመጨረሻ ልጃቸው ነኝ፤ ወንድሞቼ ትዳር ይዘው ርቀው ነው የሚኖሩት።

ምርጫ በመጣ ቁጥር እጃቸውን ይዛ ወደ ጣቢያው የምትወስዳቸው እናቴ ነበረች። ማየት የማይችል ሰው የሚያምነውን ሰው ይዞ መግባት ይፈቀድለታል። ከመጋረጃው ኋላ አባቴ የሚፈልጉትን በጆሮዋ ይነግሯታል፤ እሷ ምልክቱን ታደርግና ወረቀቱን አጥፋ በእጃቸው ታስይዛቸዋለች። ሳጥኑን ዳብሰው የሚከቱት ራሳቸው ናቸው። ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ ተከትያቸው ሄድኩና ስንመለስ፣ "ማንን መረጣችሁ?" ብዬ ጠየቅሁ። አባቴ መንገዱ ላይ ቆሙ።

"ይኼ አይጠየቅም" አሉኝ። "እናትሽም እዚያው ረስታው ነው የወጣችው።"

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ጠይቄ አላውቅም።

እናቴ የሞተችው እኔ ለከፍተኛ ትምህርት ደብረ ታቦር ለመግባት ስዘጋጅ በነበረበት ክረምት ነው። አባቴ አላለቀሱም፤ ማስተማሩንም አላቋረጡም። ማታ ማታ ግን ሳያስቡት ስሟን ይጠሩና፣ ወዲያው ደግሞ ዝም ይሉ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ግቢ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ምርጫ ደረሰ። ለእኛ ለተማሪዎች የተነገረን መመዝገቢያ ከተማው ታች ያለ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። የድምፅ መስጫው ቀን ደግሞ ፋይናል ፈተና መሐል ገባ። በዚያ ሰሞን ደብረ ታቦር ጭጋግና ዝናብ ነው፤ ጭቃውን አቋርጦ ወደ ታች ወርዶ፣ ግማሽ ቀን ተሰልፎ፣ ተመልሶ ማጥናት ለብዙዎቻችን የማይታሰብ ነበር። የዶርም ጓደኛዬ ከሩቅ ቆላ አገር የመጣች ልጅ ነበረች፤ ሁለት ጋቢ ደርባ እንኳ ብርዱን አልለመደችውም። አንድ ቀን አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦

"አገሬ ሄጄ እንዳልመርጥ ሩቅ ነው። እዚህ እንዳልመርጥ ፈተና ነው። ታዲያ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላኝ ለምንድን ነው?"

ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። በማግሥቱ እጄን ይዛ ወደ ምርጫ አስፈጻሚዎቹ ቢሮ ወሰደችኝ።

ያነጋገሩን አንዲት ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ወንበር ሰጡን፤ እስክንጨርስም አላቋረጡንም።

"እኛ እኮ ተማሪ አይምረጥ አላልንም" አሉ። "የሚመዘገበው ሰው ከበዛ ጣቢያው ግቢያችሁ ድረስ ሊመጣ ይችላል። መመዝገብ የሚፈልገው ስንት ልጅ ነው?"

ተያየን። አናውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ እራት ከካፌ እንደወጣን ከሕንፃ ሕንፃ እየዞርን የሚመዘገብ ተማሪ ስም መሰብሰብ ያዝን። በሩን ከፍቶ የሚስቅብን ነበረ፤ ምን ሊለወጥ ነው ብሎ የሚዘጋብንም ነበረ። አንድ ተማሪ ኮሪደሩ ላይ አስቁሞን፣ "እናንተ ማንን ልታስመርጡ ነው የምትዞሩት?" ብሎ አፈጠጠብን። እኔ ደነገጥኩ። እሷ ግን፣ "እኛ መምረጫ ቦታውን ነው የምናመጣው። የምትመርጠውን አንተ ታውቃለህ" አለችው። ልጁ ትንሽ አየንና ስሙን ሰጠን።

የሰበሰብነውን ስም ለሴትዮዋ አስገባን፤ ተፈቀደልን። ጣቢያው ግቢው ውስጥ፣ ማንበቢያ አዳራሹ ውስጥ እንዲሆን ተወሰነ። ሴትዮዋ ደስ ብሏቸው ሊነግሩን መጡና ሲለዩን አንድ ነገር አስጠነቀቁን፤ እዚህ የተመዘገበ ሰው በዕለቱ ሌላ ቦታ መምረጥ አይችልም።

ያን ዕለት ከሰዓት ለአባቴ ደወልኩ።

"ተፈቀደላችሁ?" አሉኝ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ።

"ተፈቀደ አባዬ።"

"እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ።"

"እዚህ ከተመዘገብኩ ግን እዚያ መጥቼ አልመርጥም። አንቱንስ ማን ይዞዎት ይገባል?"

"ሰው ሞልቷል። ፈተናሽ መቼ ነው?"

"የምርጫው ማግሥት።"

"እና ምኑን ትጠይቂኛለሽ? ለስንቱ ልጅ ብለሽ የደከምሽበትን ራስሽ ጥለሽው ልትመጪ ነው? እዚያው ተመዝገቢ።"

ተመዘገብኩ። በሆዴ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረኝ፤ በጠዋት እዚህ መርጬ፣ ጋሳይ ድረስ በመኪና ሄጄ፣ ለራሴ ባልመርጥም አባቴን ይዤ ልግባ ብዬ ነበር። ሴትዮዋን ብጠይቃቸው ማገዝ እንደሚቻል ነገሩኝ። መኪና ተራ ሄጄ ስጠይቅ ግን በዕለቱ ወደዚያ የሚወጣ መኪና የለም አሉኝ። በእግር እንዳልሄድ ደግሞ ፈተናው አለ። ተውኩት።

የምርጫው ቀን ጠዋት ግቢው ሠርግ መሰለ። ሌሊቱን የዘነበው አባርቶ ጭጋጉ ሕንፃዎቹን ሸፍኗቸዋል። ብርድ ልብስ እንደተከናነበ የመጣ አለ፤ ነጠላ ጫማ በካልሲ አድርጎ የመጣ አለ፤ ሰልፍ ላይ ሆኖ ኖቱን የሚያነብም ነበረ። የዶርም ጓደኛዬ ከፊት ቆማለች። መርጣ ስትወጣ ጣቷ ላይ ያለውን ቀለም ከፍ አድርጋ አሳየችን፤ ሰልፉ አጨበጨበላት። እኔም ገባሁ። መጋረጃው ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ወረቀቱን ዘረጋሁና ምልክቴን አደረግሁ። ሰልፉ ከካፌው የቁርስ ሰልፍ እንኳ ፈጥኖ አለቀ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልክደውም።

አመሻሽ ላይ ለአባቴ ደወልኩ።

"እንዴት ዋሉ? መረጡ?"

"ደህና ዋልን። ከጎረቤታችን ጋር ወረድን።"

ጎረቤታችን የአባቴ የዕድሜ እኩያ፣ የማኅበር ጓደኛቸው ናቸው። እኔን ጨምሮ የቤታችንን ልጆች ሁሉ አቅፈው ያሳደጉ ሰው ናቸው። ጆሯቸው ግን ከደከመ ቆይቷል፤ ጠጋ ብሎ ጮክ ካላሉላቸው አይሰሙም። አባቴ የሚያምኑትን ሰው ይዘው በመሄዳቸው ቅልል አለኝ። ድምፃቸው ፈዘዝ ያለ ነበር፤ መንገዱ አድክሟቸው መስሎኝ ደህና እደሩ ብዬ ወደ ጥናቴ ተመለስኩ።

ፈተናው አልቆ ክረምቱን ቤት ገባሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ብሎ ከአባቴ ጋር ደጅ መደብ ላይ ተቀምጠናል። ከብቶቹ ከማሳው ማዶ ይግጣሉ። አባቴ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና፣

"መርጫለሁ ብዬሽ ነበር" አሉኝ።

"አዎ።"

"ወረቀቱን ሳጥኑ ውስጥ ከትቻለሁ። ምልክት ግን የለበትም።"

ወደ እሳቸው ዞርኩ። ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ከመጋረጃው ኋላ እንደገቡ እንደ ድሮው በሹክሹክታ ተናገሩ። ጎረቤታችን አልሰሙም። "ምን አሉኝ የኔታ?" አሉ። አባቴ ጠጋ ብለው ደገሙላቸው። አሁንም አልሰሙም። በመጨረሻ ጎረቤታችን ሊረዱ ብለው፣ ቸኩለውም፣ "ከላይ ያለውን ነው ወይስ የታችኛውን ነው የሚሉኝ?" ብለው ምልክቶቹን አንድ በአንድ እየጠሩ ጮኹ። ደጅ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማ። አንዱ ሳቀ፤ ሌሎችም ተከተሉት።

"ክፋት የለበትም ሳቁ" አሉ አባቴ። "ሁለት ሽማግሌ መጋረጃ ውስጥ ሲጯጯህ እኔም ብሰማ እስቅ ነበር።"

አስፈጻሚው ወጣት ገባና፣ "አባቴ፣ እኔ ላግዝዎት?" አላቸው።

"ትሑት ልጅ ነው፤ ከድምፁ ያስታውቃል። ግን አላውቀውም። የማላውቀው ሰው ጆሮ ላይ ምን እላለሁ? ወረቀቱን ከወዳጄ እጅ ተቀበልኩና ራሴ አጥፌ ከተትኩት።"

"ለምን ያን ዕለት አልነገሩኝም አባዬ?"

"በማግሥቱ ፈተና አልነበረሽ?"

እጃቸውን ያዝኩ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እንዳዞሩ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣

"እናትሽ መሞቷ የገባኝ እዚያ መጋረጃ ውስጥ ነው" አሉ።

ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ድምፅ አልነበረውም፤ እንባቸው ብቻ ጉንጫቸው ላይ ወረደ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ። ማን ላይ ምልክት ሊያደርጉ እንደነበር አልጠየቅኋቸውም።

ትምህርት ሲጀመር ለዶርም ጓደኛዬ ነገርኳት። ሰምታ ስታበቃ እንደ በፊቱ እጄን ይዛ ወደ ሴትዮዋ ቢሮ ወሰደችኝ። አባቴ የሆኑትን በሙሉ ነገርኳቸው። ማየት የሚሳነው ሰው ማንንም ሳያስከትል ዳብሶ የሚመርጥበት ነገር በየገጠሩ ሊደርስ አይችልም ወይ ብለን ጠየቅን። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

"ለበላይ አሳውቃለሁ" አሉ። "ለእናንተ እንዳደረግነው ቀላል ባይሆንም አሳውቃለሁ።"

እንዳሳወቁ አልጠራጠርም። የት እንደደረሰ ግን እስካሁን አላውቅም።

አባቴ በቀጣዩ የብርድ ወራት ደረታቸውን ታመሙ። ወንድሞቼ ደርሰው በቃሬዛ ጋሳይ አውርደው ደብረ ታቦር ሆስፒታል አስገቧቸው። ከክፍል ስወጣ እሄዳለሁ፤ ሾርባ አጠጣቸዋለሁ፤ እግራቸውን አሻለሁ። አስታማሚዎችን፣ ነርሶችን በድምፃቸው ለይተው በስማቸው ይጠሯቸው ነበር። አንድ ጠዋት ስደርስ ታላቅ ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ ፊቱን ሳየው ገባኝ።

በአርባ ቀናቸው ተዝካር ላይ ጎረቤታችን ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ምግብ አልቀመሱም። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መሬት መሬት እያዩ፣

"ያን ቀን በዚህ ጆሮዬ አዋረድኋቸው" አሉኝ።

"ኧረ እንዲያ አይበሉ" አልኳቸው። አልሰሙኝም። ጠጋ ብዬ ደገምኩት። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ "ምን አልሽኝ ልጄ?" አሉ። ካልጮህኩ እንደማይሰሙኝ አወቅሁ።

"አባቴ ወዳጄ ነው ያሉት አንቱን!" ብዬ ጮህኩ። "አላዘኑብዎትም!"

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞረ። ካህናቱም ቀና ብለው አዩን። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና እጄን ይዘው ሳሙኝ።

በነጋታው ጠዋት የአባቴ ደቀ መዛሙርት ሊሰናበቱን መጡ። ጣራ ገዳም አካባቢ ሌላ የዜማ መምህር ተገኝቶላቸዋል። አኩፋዳቸውን አንግተው ተራ በተራ ደጁን ተሳለሙ። ወንድሜ እስከ ወንዙ ሸኛቸው። እኔ አባቴ የሚያስተምሩበትን ጎጆ ጠረግኩ፤ የተቀመጡበትን አጎዛ አራግፌ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ከዚያ ወደ ጋሳይ ወረድኩ፤ ከሰዓት ክፍል ነበረኝ።