በናዳው ሥር እስከ አራት ሰዓት

እትዬ ሙሉሸዋ ቀስ ብለው መሄድ አይችሉም። ሐኪማቸው ለስኳርዎ በእግር ይሂዱ አላቸው እንጂ ይሩጡ አላላቸውም፤ እሳቸው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቦው ወንዝ ዳር የሚያባርራቸው ያለ ይመስል ይነጉዳሉ። ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው። በሳምንት አምስት ቀን ሰንሪጅ ሞል የምግብ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ሲያጸዱ ቆመው ይውላሉ፤ በስድስተኛው ቀን እኔን ከአልጋዬ ጎትተው ያወጡኛል። ከስምንት ዓመት በፊት ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ስገባ ቤታቸው የተቀበሉኝ እሳቸው ስለሆኑ እምቢ ማለት አልችልም። መነጫነጭ ግን መብቴ ነው።

የሚመርጡት መንገድ ራሱ ያናድዳል። ባሕር በሌለበት ከተማ ወንዙ የራሱን የባሕር ዳርቻ ሠርቷል፤ ከላይ ልል የአፈር ገደል፣ ከታች ጠጠርና አሸዋ። በረዶው በቀለጠ ቁጥር ገደሉ ይናዳል። ማዘጋጃ ቤቱ አጥሩን ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ገደሉም ይከተለዋል። አምና ከላይ የነበረው አግዳሚ ወንበር ዘንድሮ ታች ጠጠሩ ላይ በአፍጢሙ ተደፍቷል። እሳቸው ከጠርዙ ሁለት እርምጃ ብቻ ርቀው ይሄዳሉ፣ እኔ ከኋላ እጮሃለሁ።

"እትዬ፣ ወደዚህ ይምጡ እንጂ። ምን ዓይነት ግትርነት ነው?"

"ሂድ አንተ ሽማግሌ" ይሉኛል። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።

በዚህ ከተማ ያለ ሐበሻ እሳቸውን የሚያውቃቸው በመርዶ ነጋሪነታቸው ነው። አገር ቤት ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። ሕጋቸው የታወቀ ነው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሥራ ቦታ አይነገርም፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እያለ አይነገርም። ቀድሞ ስልኩን ከእጁ ማራቅ፣ ከዚያ በሰበብ ከቤት ማውጣት፣ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ መመለስ። ዓለም ሁሉን ነገር በሰከንድ በሚሰማበት ዘመን ይህ ድራማ ነው እያልኩ ስንት ጊዜ ተከራክሬያቸዋለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ መርዶ ሲነገር ከእትዬ የማይለዩት ጋሼ ፀጋዬ ደወሉልኝ፤ በዚህ ጊዜ ከአገር ቤት የተደወለው ለእሳቸው ነበር። የእትዬ ሙሉሸዋ ታናሽ ወንድም ታደገ አዳማ ላይ አርፏል። እናታቸው ቀድመው ስለሞቱ አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሌላ ወንድምም እህትም የላቸውም።

"ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቄሱም ሰዉም ታራዴል ሰፈር ቤቷ ይደርሳል፤ እኔም ከሥራ ሺፍት እወጣለሁ" አሉኝ። "አንተ እንደ ወትሮው ዎክ ይዘሃት ውጣ። ከአራት በፊት እንዳትመልሳት።"

የእትዬን ስልክ የመደበቁ ሥራ ከቤታቸው ሥር ያለውን ቤዝመንት ለተከራየችው ለውዳሴ ተሰጠ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር ከመኪናው ወረድን።

"ስልኬ ጠፋኝ" አሉ። "ውዳሴ ቻርጅ ላይ አድርጌዋለሁ ብላኝ ነበር፣ እዚያም የለም።"

"ይገኛል፣ አያስቡ" አልኩ። ሰዓቴን አየሁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሜ አየሁ።

ወደ ጠርዙ ተጠጉ፣ ዝም አልኩ። ዝናብ በቦረቦረው ቁልቁለት ወደ ጠጠሩ እንውረድ ሲሉ "እሺ እትዬ" ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። በገደሉ ሥር ስንሄድ ከላይ ጓል እየተፈረካከሰ ይወርዳል፤ ወፎች አፈሩ ውስጥ ከቆፈሩት ጉድጓድ ብር እያሉ ይወጣሉ። ጃኬታቸውን ተቀብዬ ያዝኩላቸው። ውሃ ሰጠኋቸው። ሦስት ተኩል ሲሆን "ልብስ የማጥበው አለኝ፣ እንመለስ" አሉ።

"ትንሽ እንሂድ፣ አየሩ ደስ ይላል" አልኩ። ስለ አየር ደስ ማለት ተናግሬ አላውቅም።

ቆሙ። በእነዚህ ሁሉ ቅዳሜዎች መንገድ ላይ ሲቆሙ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።

"ማትያስ፣ ዛሬ አልተቆጣኸኝም።"

"ሰለቸኝ።"

"ጠርዝ ላይ ሄድኩ፣ ዝም አልክ። በዚያ ቁልቁለት እንውረድ ስልህ እሺ አልክ። ስልኬም የለም።" ፊታቸው አመድ መሰለ። "እስከ ስንት ሰዓት አቆያት አሉህ?"

"እስከ አራት" አልኩ። መዋሸት አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲያ ሁሉንም ልናገር ፈለግኩ። ስንት ዓመት የተከራከርኩት ለዚሁ ነው፤ እውነቱን ተናግሮ መገላገል። አፌን ስከፍት በመዳፋቸው ከደኑት።

"እንዳትነግረኝ። ያለኝ አንድ ወንድም ነው፣ ማን እንደሆነ አይጠፋኝም። ግን ካንተ አፍ አልሰማውም።"

"እትዬ፣ አውቀውት የለ? ምን ልዩነት አለው?"

"ሰንሪጅ ውስጥ እኔን ሲያዩ መንገድ የሚቀይሩ ሰዎች እንዳሉ ታውቃለህ? ክፉ ሰዎች አይደሉም። እናትህ ሞተች፣ ልጅሽ ሞተ ያልኳቸው ናቸው። ፊቴን ሲያዩ ያ ቀን ይመጣባቸዋል። እነሱን እንኳ ሰው መሃል ሆኜ ነው የነገርኳቸው። አንተ እዚህ ብቻህን ብትነግረኝ..." አልጨረሱትም። ትንፋሻቸውን ሰብስበው "አሁን የቀረኸኝ አንተ ነህ፤ አንተን መሸሽ አልፈልግም" አሉ።

ይህን አንድም ቀን ነግረውኝ አያውቁም። ድራማ ነው እያልኩ የቀባጠርኩት ሁሉ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ቀሪውን ጊዜ ጠጠሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ተመላለስን። መቀመጥ አልቻሉም፣ እኔም አልቻልኩም። አላለቀሱም። አንዴ ብቻ "ለሚመጣው ሰው ወንበር አይበቃም፤ ጋራዥ ውስጥ ያሉትን ውዳሴ አታውቃቸውም" አሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ራሳቸው ወደ መኪናው መሩኝ።

ታራዴል ስንደርስ የቤታቸው መንገድ ግራና ቀኝ በመኪና ሞልቶ ነበር። ወርጄ ልደግፋቸው ስል ክንዴን ያዙኝ።

"አንተ ቅደም። ግባና ከሰዎቹ ጋር ተቀመጥ።"

"ብቻዎን ሊገቡ?"

"ግባ አልኩህ።"

ገባሁና ከበሩ ርቄ ከሰዎች ኋላ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይተው እሳቸው ገቡ። ቤቱ በሙሉ ተነሣ። ጋሼ ፀጋዬ እጃቸውን ይዘው "ሙሉሸዋ፣ ታደገ አርፏል" አሏቸው። ያን ጊዜ ጮኹ። እየጮኹ ዓይናቸው በቤቱ ባለው ሰው ላይ አንድ በአንድ ዞረ፤ እኔ ጋ ሊደርስ ሲል ጨፈኑት።