አልጋዬን ያወጣሁበት ማምሻ

ደጋው ክረምት ገባ ብሎ ጋቢ ሲደርብ አሰብ አልጋ ያወጣል። በጃንሆይ ዘመን እኔ በነበርኩበት ጊዜ፣ ከሰኔ ጀምሮ ቤት ውስጥ የሚያድረው እቃ ብቻ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግቢው ውሃ ይረጫል፣ የገመድ አልጋዎች ከየክፍሉ እየተጎተቱ ይወጣሉ፣ ባልና ሚስቱም፣ ሽማግሌውም፣ ሕፃኑም ከባሕር በኩል ሽው የምትለዋን ነፋስ እየተሻማ ይተኛል። ይህን ያየ እንግዳ እዚህ አገር ሰው ሁሉ እኩል ነው ሊል ይችላል። ሞኝ ነው። በእኛ፣ ከደጋ ተመድበን በመጣነው የመንግሥት ሠራተኞች ግቢ፣ ያላገባች ሴት ውጭ አትተኛም ነበር።

እኔ ደግሞ አላገባሁም። ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶኛል፤ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፤ ክፍል ስገባ ሃምሳ ተማሪ ብድግ ይልልኛል፤ አባቶቻቸው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣ ያነሱልኛል። ከመሸ በኋላ ግን እህቴ ቤት፣ ጓዳ ውስጥ፣ በር ተዘግቶብኝ፣ ነጠላዬን ውሃ ነክሬ ተከናንቤ ነው የማድረው። ነጠላው ወዲያው ይሞቃል፤ ተነስቼ እንደገና እነክራለሁ። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤት ሕፃን ሳይቀር ውጭ ተኝቶ ያንኮራፋል።

እህቴ በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ባሏ አሰብ ጉምሩክ ተመድቦ ስትመጣ እኔን አንጠልጥላ መጣች። ደብዳቤ አስነብባ የምትሰማ ሴት፣ እኔን ግን እየተቆጣችም እየገረፈችም አስተማረችኝ። ይህን አልክድም። እኔ እትዬ ነው የምላት፤ እሷ "አንቺ ልጅ" ትለኛለች። ደመወዝተኛ ከሆንኩም በኋላ ያው "አንቺ ልጅ" ነኝ። በእኛ ሰዎች ዘንድ የሴት ልክ የታወቀ ነበር፤ ስታገባ ግማሽ ሰው፣ ስትወልድ ሙሉ ሰው። አልጋዬን ላውጣ ባልኳት ቁጥር መልሷ አንድ ነው፤ ስታገቢ ታወጪዋለሽ። የሚያገባኝንም ራሷ ፈልጋ አምጥታ ነበር፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ወደብ መጋዘን የሚሠራ፣ ሃምሳን የተጠጋ ሰውዬ። ሁለት እሑድ መጣ፤ ሁለቱንም እሑድ ስለ ኩላሊቱ አወራኝ። ሞኝሽን ፈልጊ አልኳት። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ያለኝ ቦታ ጭራሽ አነሰ።

አሁን ስለ ልጆቹ መናገር አለብኝ። በዚያን ጊዜ የደጋ ሰው ልጁን አሰብ ላይ ማሳደግ አይወድም፤ ሙቀቱ ይገድለዋል ይላል። ስለዚህ ብዙው ሠራተኛ ልጆቹን አገር ቤት፣ አያቶቻቸው ዘንድ ትቶ ነው የሚመጣው። አንዲት ሴት ልጆቼ ደሴ ናቸው ብትል ማንም አይገርመውም፤ ደህና ናቸው ወይ ተብሎ ይታለፋል። እህቴም ሁለት ወንዶች ልጆች ደሴ አሏት ይባል ነበር። አልነበሯትም። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ሞተው ነው የተወለዱት፤ አንዱ እኔ አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ፣ አንዱ አሥራ ስድስት ሲሆነኝ። ባሏ በጨርቅ ጠቅልሎ ወስዶ ከከተማው ውጭ አሸዋው ውስጥ ቀበራቸው፤ አንሶላውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ወደዚህ ግቢ ስንዛወር አዲሷ ጎረቤታችን፣ የፖሊሱ ሚስት፣ ልጆች የሏችሁም ወይ ብላ ጠየቀቻት። እህቴ ዓይኗን ሳታሽ ደሴ ናቸው አለች። ባሏም እኔም ዝም አልን፤ እንዲያው ሆኖ ቀረ።

ውሸቱ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ አደገ። እህቴ በየሦስት ወሩ ሁለት ሸሚዝ ትሰፋለች፤ አንዱ ከፍ ያለ፣ አንዱ አነስ ያለ። ከአሰብ አዲስ አበባ ተሳቢ የሚነዳ አንድ ያገራችን ሰው፣ ጸጉሩ የሸበተ ሾፌር፣ እቃውን ተቀብሎ ደሴ ሲያልፍ አክስታችን ቤት ያደርስላታል፤ የአክስታችን የልጅ ልጆች ይለብሱታል። ሸሚዙ በየዓመቱ እየረዘመ መሄድ ነበረበት። አስተማሪ ከሆንኩ ወዲህ ልኩን የማመጣላት እኔ ነበርኩ። ዕድሜው የሚስማማውን ልጅ ክፍል ውስጥ አቁሜ፣ ትከሻውንና ክንዱን በክር ለክቼ፣ ክሩን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤላት እገባለሁ። ተቀብላኝ በእጇ ዘርጋ አድርጋ ታየውና፣ ረዝሟል እኮ ትላለች፤ ፊቷ ይበራል። እኔም አዎ እላለሁ። ይህን ሁሉ ደብቄላት፣ እሷ በዚያ ሁሉ ጎረቤት ፊት የሁለት ልጆች እናት ሆና እኔን "አንቺ ልጅ" ትለኛለች።

በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ልቤ ቆረጠ። ትልቅ ሰው መሆኔን ባልም ሽማግሌም እስኪነግረኝ አልጠብቅም አልኩ። ትልቅ ሰው ማለት በገዛ አልጋው፣ ደስ ባለው ቦታ የሚተኛ ሰው ነው፤ አለቀ። ገበያው ዳር ካለው የመናዊ አናጢ ዘንድ ሄጄ የገመድ አልጋ አሠራሁ። ለሙሽራ ነው ወይ ሲለኝ ለራሴ ነው አልኩት። ብዙም አልገባውም፤ ብቻ እግሮቹን አሳምሮ ጠረበልኝ። ያን ዕለት እንደተደሰትኩ አስተማሪ ስሆን እንኳ አልተደሰትኩም።

ሁለት ወዛደሮች አልጋውን ተሸክመው ሲገቡ እህቴ ግቢውን ውሃ እየረጨች ነበር። የፖሊሱ ሚስት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የሴት ልጇን ጸጉር ትሠራለች። የእህቴ ባል አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ሬዲዮ ይሰማል። አልጋዬን ነፋስ በሚመጣበት በአጥሩ ጥግ አስቀመጥኩና አንሶላ አነጠፍኩበት። እህቴ ጠጋ ብላ በለሆሳስ አስገቢው አለችኝ። አላስገባም አልኳት። ሰው ምን ይላል አለች። ያሻውን ይበል አልኩ። ይሄኔ ብትቆጣኝ፣ በጥፊም ብትለኝ እችለው ነበር። እሷ ግን ወደ ፖሊሱ ሚስት ዞር ብላ ሳቀች።

“ልጅ ናት እኮ፣ አትፍረጂባት” አለቻት። “ወልዳ ስታሳድግ ይገባታል።”

ያቺ ሳቅ አቃጠለችኝ። ብጮህ ይሻል ነበር፤ ተናዳ ቀባጠረች ይባልልኛል። አልጮህኩም። ተማሪ ፊት እንደምናገረው ቃሉን አንድ በአንድ እየለየሁ፣ ለእህቴ ሳይሆን ለጎረቤታችን ነገርኳት።

“ደሴ ልጅ የላትም። ሁለቱም ሞተው ነው የተወለዱት፤ እዚሁ አሸዋ ውስጥ ናቸው። ደሙን ያጠብኩት እኔ ነኝ።”

የእህቴ ባል ሬዲዮውን ዘጋ። እህቴ የያዘችው ቆርቆሮ ጋደል ብሎ ውሃው እግሯ ላይ ፈሰሰ፤ እስኪያልቅ አላቃናችውም። የፖሊሱ ሚስት የልጇን ጸጉር ከግማሽ ትታ ተነሳች፣ ሌሎቹንም ልጆቿን ጠርታ ሰበሰበች፣ ቤት አስገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው። ልጆቿን ከእህቴ ዓይን መደበቋ ነበር። ይህን እህቴም አየች፣ እኔም አየሁ።

ከዚያ እህቴ ቆርቆሮውን አስቀመጠችና ከባሏ አልጋ ጎን ያለውን የራሷን አልጋ በአንድ ጫፍ አንስታ መጎተት ጀመረች። ባሏ ሊያግዛት ቢነሳ በእጇ ከለከለችው። የአልጋው እግሮች በረጠበው መሬት ላይ ሁለት መስመር እያወጡ እስከ ጓዳው ደጃፍ ሄዱ። በሩ ጠበባት። አጋደመችው፣ ገፋችው፣ ትከሻዋን አስደግፋ እንደገና ገፋችው። እኔ አዲሱ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። አሥር እርምጃ አይሆንም፤ ተነስቼ አንዱን ጫፍ ብይዝላት በቀላሉ ይገባ ነበር። አልተነሳሁም። አልጋው ገባ፤ እሷም ገባች፤ በሩን ከውስጥ ዘጋችው። እኔ ስተኛበት የኖርኩት ጓዳ ነው፤ እንዴት እንደሚያቃጥል አውቀዋለሁ። በዚያች ሌሊት ነፋሱ እየነፈሰልኝ ደህና አድርጌ ተኛሁ፤ ይህንንም አልደብቃችሁም።

ከዚያ በኋላ በመሸ ቁጥር ያው ሆነ፤ ሁሉም ይወጣል፣ እህቴ ትገባለች። ባሏ ሁለት ሦስት ቀን ለመናት፣ ከዚያ ተዋት። ስለ አልጋዬ በግቢው አንዲት ቃል የተነፈሰ የለም። የፖሊሱ ሚስት እንዲያውም እንደምን አመሹ ትለኝ ጀመር፤ እኔም ይኸው ሰው ሆንኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ሴትዮዋ ፈርታኝ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ስለ ልጆቹ የሚጠይቅ ጠፋ። እህቴ ምሳዬን ታቀርብልኛለች፣ ልብሴን ታጥፍልኛለች፣ አታናግረኝም። "አንቺ ልጅ" ማለቱም ቀረ። የፈለግሁት ይኸው አልነበረም?

በሁለተኛው ሳምንት፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ሾፌሩ መጣ። ምንም አልሰማም። ተሳቢውን ከአጥሩ ውጭ አቁሞ፣ እንደ ልማዱ ሰላምታውን ለግቢው ሁሉ አዳርሶ፣ የልጆቹ እቃ ደርሷል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰዉ ሁሉ ከየደጃፉ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ አቀረቀረ። እህቴ ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች። የሁለት ሸሚዝ ጨርቅ ተቆርጦ ጭኗ ላይ አለ፤ እጅጌው ገና አልተገጠመም። ልኩን ግንቦት ላይ ያመጣሁላት እኔ ነኝ።

“ከእንግዲህ አልልክም፣ ጋሼ” አለችው። “አድገዋል። ራሳቸውን ችለዋል።”

ሾፌሩ ትንንሽ ሸሚዝ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነውና ግራ ገባው። ሳቅ ብሎ፣ እነዚያ ትንንሾቹ ደግሞ መቼ አደጉ አላት። እህቴ ከዚያ ማምሻ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

“ሰሞኑን” አለች።

ጨርቆቹን አጣጥፋ ይዛ ጓዳ ገባች፤ በሩንም ዘጋችው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር፣ ሐምሌ። አልጋዬ በአጥሩ ጥግ አንሶላው እንደተነጠፈ ቆሟል፤ ነፋስ ይመታዋል።