ያልደረቀው ሸሚዝ

ጅቡቲ ባለው የኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤት ለማስተማር በመጣሁ በመጀመሪያው መስከረም ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ስለ ትነት አስተማርኩ። አዲስ አበባ ዓመታት የደጋገምኩት ትምህርት ነውና ዓይኔን ጨፍኜም እወጣዋለሁ ብዬ ነበር።

"እርጥብ ልብስ ቶሎ የሚደርቀው ሞቃት ቦታ ነው ወይስ ቀዝቃዛ?" አልኩ።

ክፍሉ ባንድ ድምፅ "ሞቃት!" አለ። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ብቻ እጇን አውጥታ "ቀዝቃዛ" አለች። ልጆቹ ሳቁ። እኔም፣ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፣ አብሬ ፈገግ ብዬ "ተሳስተሻል፣ ተቀመጪ" አልኳት። ከክፍል ስወጣ ውሎዬን በደብተር የመገምገም ልማድ አለኝ፤ የዚያን ዕለት "ሁሉም ገብቷቸዋል" ብዬ ጻፍኩ።

ልጅቷ ከዚያ ወዲያ እጇን አላወጣችም። ዝምተኛ ናት ብዬ ተውኳት።

አምቡሊ በሚባለው ሰፈር በተከራየሁት ቤት ደግሞ ሸሚዜ አልደርቅ ብሎ አስቸገረኝ። ሙቀቱ ያቃጥላል፣ ሸሚዙ ግን ባደረበት እርጥብ ነው። ለአከራዬ፣ ለአንዲት የሐረር እናት፣ አማረርኩ።

"ውጭ ምን ያደርግልሃል ልጄ? ክሊም ያለበት ክፍል ስቀለው እንጂ" አሉኝ። እዚህ ኤሲውን ክሊም ነው የሚሉት።

ደነገጥኩ። የባሕሩ እርጥበት የሞላው አየር የሸሚዜን ውሃ የት ያስቀምጠው? ክሊሙ ግን ሲያቀዘቅዝ አየሩንም ያደርቃል። ይህን ማስተማር የኔ ሥራ ነበር! ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

በማግስቱ ሁለት መሐረብ አርሼ አንዱን ግቢው ጥላ ሥር፣ ሌላውን ክሊም ባለው ቢሮ ሰቀልኩ። በኋላ ሁለቱንም ክፍል ይዤ ገባሁ። የቢሮው ደርቋል፣ የግቢው ገና እርጥብ ነው።

"የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አልኩ ወደ ልጅቷ እያየሁ። "ከየት አወቅሽው?"

"እናቴ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። የልጆቹን ዩኒፎርም ክሊም ሥር ነው የምታሰጣው።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ቲቸር፣ ለምን ብለው አልጠየቁኝማ።"

ለምን ብሎ መጠየቅ እንጀራዬ የሆነ እኔ፣ አልጠየቅኳትም!

ደወሉ ሊደወል ሲል እጇ ወጣ። "ቲቸር፣ የግቢውን ጥላ ሥር ነው የሰቀሉት። ፀሐይ ላይ ቢሆንስ?"

አፌ ላይ የመጣው "ተቀመጪ" ነበር። ዋጥኩት።

"ምን የሚሆን ይመስልሻል?" አልኳት፤ "ለምን?"