ፍሬን የሌለው ሞተር እና የሎቢው ለቅሶ

እሁድ ከሰዓት... አትላስ ያለው ሆቴላችን ጭር ብሏል። ሪሴፕሽን ላይ ስልኬን እየጎረጎርኩ ቆይቼ ቀና ስል፣ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ሎቢው ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው ዱብ ዱብ ይላል።

ሚስተር ኮሊን ይባላሉ። ናይሮቢ ያለች ልጃቸውን ጠይቀው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ቀጣዩ በረራቸው ማታ ስለሆነ እስከዚያ እኛ ጋ ያረፉ ትራንዚት ናቸው። ጠዋት ዋይፋይ ሲጠይቁኝ ደህና ነበሩ።

ደንግጬ ሄድኩ። «ምነው፣ ምን ሆኑ?»

ስልካቸውን ዘረጉልኝ። አንድ ልጅ እግር ወጣት ሞተር ሳይክል ላይ ሆኖ የተነሳው ፎቶ ነው። ሞተሩ ተጋድሞ የልጁ ጉልበት መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው።

«የልጅ ልጄ ነው...» አሉና እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

እንግዲህ እኛ አገር ሐዘንተኛን «እንዴት ሞተ?» ብሎ ማፋጠጥ ነውር ነው። ቁጭ ትላለህ፣ ታቀረቅራለህ፣ ዝርዝሩን ሌላ ሰው ቀስ ብሎ በጆሮህ ይነግርሃል። እኔም «እግዚአብሔር ያጽናዎት» የሚለውን እንደምንም በእንግሊዝኛ አልኩና አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

ጋሽ ታዬ መጡ። የሆቴሉን ሚኒባስ የሚነዱት እሳቸው ናቸው፣ የሠራተኞች እድር ሰብሳቢም ናቸው። በጆሯቸው ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ከላውንደሪ ደግሞ አልማዝ መጣች። አልማዝ ለማታውቀው ሰው ማልቀስ የምትችል ሴት ናት... ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የመጣችው። ሒሳብ ሊዘጉ የወረዱ ባልና ሚስት እንኳን ሁኔታችንን አይተው ሻንጣቸውን አስቀምጠው ቁጭ አሉ።

ሚስተር ኮሊን ግራ ገብቷቸው አንድ በአንድ አዩን። ኋላ ላይ ግን ሰው ማግኘታቸው ደስ ያላቸው መሰለኝ፣ ማውራት ጀመሩ።

«ሞተሮቹ እኮ ፍሬን የላቸውም» አሉ።

ተረጎምኩ። ጋሽ ታዬ ጭንቅላታቸውን ያዙ።

«ፍሬን የሌለው ሞተር ለልጅ ይሰጣል? ምን ዓይነት ጨካኝ ነው! ሰጪው ታስሯል ወይ በያቸው!»

ይሄንን አልተረጎምኩም።

«እኔም በወጣትነቴ ነድቼዋለሁ። አባቴም ነድቶታል» ቀጠሉ ሰውዬው።

«ውይ! ዘራቸውን ሊጨርስ ነው እንዴ?» ብላ አልማዝ ድምፅ አውጥታ ልታለቅስ ስትል እጇን ጨመቅኳት።

ይሄኔ የሰውዬው ስልክ ጠራ። ቪዲዮ ነው። አነሱት።

ሟቹ ነው!

ሳንድዊች እየበላ «አያቴ፣ ስብሰባው ሊጀመር ነው፣ ግባ እንጂ» ይላል።

አልማዝ «በስመ አብ!» ብላ ሶፋው ጀርባ ገባች። ጋሽ ታዬ ደጋግመው አማተቡ።

«አልሞተም እንዴ?» አልኩ፣ አፌ አምልጦኝ።

«ማን?» አሉ ሚስተር ኮሊን። ግራ የመጋባቱ ተራ ተመልሶ የእሳቸው ሆነ።

ነገሩ ቀስ በቀስ ተፈታ። ስፒድዌይ የሚባል የሞተር ውድድር አለ። ፍሬን በሌለው ሞተር አፈር ሜዳ ላይ ወደ ግራ ብቻ አራት ዙር ይዞራሉ፣ ወዲያው ያልቃል፣ ከዚያ ሌሎች ይገባሉ። የከተማቸው ክለብ ከአባታቸው ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። ልጅየው ይነዳል፣ እሳቸው በር ላይ ቆመው ትኬት ይቆርጣሉ። አሁን ግን የሜዳው ኪራይ አልቻል አላቸው። የሞተሩ ዕቃ በየጊዜው ይወደዳል። ትኬት ቢጨምሩ ሰው ይቀራል፣ ባይጨምሩ ለነጂዎቹ የሚከፍሉት የለም። የሜዳው ባለቤት ደግሞ ቤት ሊሠራበት ይፈልጋል። እንግዲህ ክለቡ ይዘጋ ወይስ ይቀጥል የሚለውን አባላቱ አሁን፣ በስልክ ስብሰባ ሊወስኑ ነው።

«ተመስገን! እንኳን ሰው አልሆነ!» አሉ ጋሽ ታዬ ኮፍያቸውን መልሰው አድርገው እየሳቁ። «ለመሽከርከር ነው ትኬት የሚቆረጠው? መገናኛ አደባባይ ቢመጡ በነፃ አሳያቸው ነበር።»

አልማዝ ነጠላዋን አስተካከለች። ባልና ሚስቱ ገላምጠውን ሒሳባቸውን ዘግተው ሄዱ። እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ሚስተር ኮሊን ግን አልሳቁም። ስብሰባው ውስጥ ገብተዋል። ከኋላቸው ቆሜ አየሁ... ስልኩ ላይ ትንንሽ ፊቶች ተደርድረዋል፣ ከልጅየው በስተቀር ሁሉም ሽበታም። ይቀጥል የሚል እጁን እንዲያወጣ ተጠየቀ። ሚስተር ኮሊን እጃቸውን ቀጥ አድርገው አወጡ። ልጅየውም አወጣ። ከዚያ ወዲያ እጅ አልወጣም... ብዙዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

ስልኩን አጠፉት። «ተዘጋ» አሉኝ።

ቆመን ቀረን።

«ጋሽ ታዬ፣ ለዚህ ይለቀሳል እንዴ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉ። «ገርጂ ልጆቼ ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ነበር። ፎቅ የተሠራበት ቀን ማንም አላለቀሰለትም።»

ኮፍያቸውን አውልቀው ተመልሰው ተቀመጡ። አልማዝም ነጠላዋን እንደገና አዘቀዘቀች። እኔም ተቀመጥኩ። ወደ ኤርፖርት መሄጃቸው እስኪደርስ አብረናቸው ቆየን።

ሊሄዱ ሲሉ ሚስተር ኮሊን እጄን ይዘው «አገሬ ብሆን ይሄንን ብቻዬን ቤቴ ሆኜ ነበር የምሰማው» አሉኝ። አልማዝማ አቅፋ አልለቅም አለቻቸው።

እኔ እስካሁን ነገሩ ግራ እንደገባኝ ነው... ያን ሁሉ ዘመን ያለ ፍሬን የሮጠን ሞተር፣ ኪራይ አቆመው።