ዲስቻርጅ የምትባል ቃል

ቶማ ከሶዶ ወደ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ላይ በነበረች አንዲት የሚሲዮን ክሊኒክ አስተርጓሚ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ግድም ወላይትኛ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ባንድ ላይ የሚናገር ሰው እንደልብ አይገኝም፤ ቶማም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ካፖርቱን በበጋ እንኳ አያወልቅም። የማያውቀው ቃል ሲገጥመው መጠየቅ ሞቱ ነው፤ ጉድ የሠራችውም ይህችው ኩራቱ ናት።

«ዲስቻርጅ» ለእሱ አንድ ፍቺ ብቻ ነበራት፤ በሽተኛው ድኗል፣ ወደ ቤቱ ይሂድ። ፈረንጁ ዶክተር ቃሏን ሲናገር ቶማ ወደ አስታማሚው ዞሮ ያበስራል፣ ይመረቃል። አንድ ቀን ጠዋት ዶክተሩ ጎኗ ላይ ኦፕራሲዮን የተደረገችውን የሶርሳን ፋሻ ገልጦ አየና «ዲስቻርጅ» ብሎ ወደ ሌላው አልጋ አለፈ። ቶማ ባሏን ዳልጮን ይዘሃት ግባ አለው። ዳልጮ ጎረቤት ጠርቶ በቃሬዛ ወሰዳት።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ባዶውን አልጋ አይቶ ደነገጠ። መግል የነካውን ፋሻ አንሥቶ፣ ይሄ ሁሉ ዲስቻርጅ እያለ ማን ለቀቃት ሲል ጠየቀ። ቶማ ያን ጊዜ ገባው፤ ለካ ከቁስል የሚወጣው መግልም ስሙ ያው ነው። እኔ ነኝ ቢል ኖሮ የክሊኒኩ ላንድሮቨር በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ሄደው በመለሷት። እሱ ግን ዘመዶቿ ሳይነግሩን ወሰዷት አለ። ዶክተሩም የአገሩ ሰው ትዕግሥት የለውም ብሎ፣ ተናዶ ተወው።

ሳምንት ሳይሞላ ሶርሳ ሞተች። ዳልጮ ከቀብሯ መልስ የክሊኒኩን ብርድ ልብስ አጥፎ ይዞ መጣ። ዶክተሩ ለምን ተደብቀህ ወሰድካት በልልኝ ብሎ ቶማን አዘዘ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ ይሉሃል» አለ ቶማ።

«ሂጂ ሲሏት ስቃ ነበር» አለ ዳልጮ። «ያቺን ሳቅ ስላሳዩኝ አመስግንልኝ።»

ቶማ ወደ ዶክተሩ ዞሮ፣ አጥፍቻለሁ ይቅር በሉኝ ይላል ብሎ ተረጎመ።

ከዓመታት በኋላ ሶዶ ውስጥ አድነው የሚባል የእንግሊዝኛ መምህር የቃሏን ዘር ነገረው። መነሻዋ የጋሪ ጭነት ማራገፍ ነው አለው፤ ወታደር ሲሰናበት፣ ጠመንጃ ሲተኮስ፣ መግል ሲወጣ፣ ሁሉም ከዚያው ከማራገፍ የመጣ ነው። ቶማ ያን ቀን አለቀሰ። በማግሥቱ እሱም ያለበትን ሸክም ሊያራግፍ ዳልጮ ዘንድ ዲምቱ ወረደ።

ዳልጮ እጁን ይዞ አስገባው፤ ጎረቤቶቹንም ጠራ። «ለሶርሳ የመጨረሻ ደስታዋን የነገራት ሰው ይሄ ነው» አላቸው። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቁት። ቶማ የቀረበለትን ቅቅል የቦዬ ሥር በልቶ፣ አመስግኖ፣ የመጣበትን ሳይናገር ወደ ሶዶ ተመለሰ።