አንዲት «አንተ» ይዘን ሀረጎን ስንወርድ

ደሴ፣ ማለዳ

ከሆጤ ስንነሳ ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል። ጓደኛዬ ሰይድ ካሜራውን በጋቢ ጠቅልሎ አቅፏል። ውስጡ አጭር ፊልም አለ፤ ድምፁን የቀረጽኩለት እኔ ነኝ። ፊት የሚባል አይታይበትም። የተሰጣ ሸሚዝ፣ ደጃፍ ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ፣ የሚታጠቡ እጆች፤ በምስሉ ላይ የሰይድ ድምፅ ለሚወደው ሰው ያወራል። የሚወደው ሰው ዳዊት ነው፣ ኮምቦልቻ ጋራዥ የሚሠራው። ይህ ቢታወቅ ሁለቱም ይታሰራሉ፤ ያም የሚሆነው ከሰፈሩ ዱላ ከተረፉ ነው።

ስለዚህ ሰይድ ፊልሙን ሙሉ «አንቱ» እያለ ሠራው። አንቱ ወንድ ይሁን ሴት አያስታውቅም። ብልሃቱን ወድጄለታለሁ። የሚያስጨንቀኝ መጨረሻው ነው፤ እዚያ አንዲት «አንተ» አለች።

«አውጣት በናትህ» አልኩት ሚኒባሱ ውስጥ።

«እሷን ካወጣሁ ምን ቀረኝ?»

ሀረጎ

ምርጫ ስለደረሰ ፍተሻው ጠብቋል። ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ አስቆሙን። ፖሊሱ ጋቢውን ገለጠ።

«ምን ስትቀርጽ ነው? ድልድይ?»

«ወላሂ፣ የጥበብ ሥራ ነው።»

«ክፈተው።»

ትንሿ ስክሪን በራች። «አንቱ ሲመጡ ቁልቁለቱ ያጥርልኛል» ይላል የሰይድ ድምፅ። ሾፌሩ በደንብ እንዲሰማ ብሎ ሞተሩን አጠፋ። በሆዴ ረገምኩት። ሸሚዙ አለፈ። ጫማዎቹ አለፉ። እጆቹ መጡ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ያቺ ቃል ናት።

«ለማን ነው ይሄ?» አለ ፖሊሱ ምስሉን አቁሞ።



«ለአባቱ ነዋ!» አሉ ከኋላ የተቀመጡ፣ ወደ ደጋን ከተማ የሚሄዱ ሻርፕ የተከናነቡ እናት። «አባቱን አንቱ እሚል ልጅ ዛሬ ከየት ይገኛል? አላህ ያሳድግህ የኔ ልጅ!»

ፖሊሱ ሰይድን አየው። «አባትህ አሉ?»

«ሞተዋል።» ይህስ እውነት ነበር።

«ነፍስ ይማር» አለና ካሜራውን አጥፍቶ መለሰለት።

ኮምቦልቻ

ሙቀቱ ጃኬታችንን አስወለቀን። የዳዊት ኪራይ ክፍል መስኮት ወደ ግቢው ተከፍቷል፤ አከራይዋ ውጭ ልብስ ያጥባሉ። ዳዊት አልጋው ላይ ተቀምጦ ማየት ጀመረ። «አንቱ»ን ሲሰማ ሳቁ አመለጠው።

«ሰይዶ፣ መቼ አረጀሁብህ?»

እኔ አልሳቅኩም፤ ልቤ ገና ሀረጎ ላይ ነበር። እጆቹ ስክሪኑ ላይ ሲመጡ ዳዊት የራሱን አወቃቸው።

«አንተ» አለ የሰይድ ድምፅ። ፊልሙ አለቀ።

ዳዊት ሳቁን ተወ። ተነሳ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ ተመልሶ ከሰይድ አጠገብ ተቀመጠ።

«ድገማት» አለ።