አሥራ አንድ ዓመት ያልተሰበረ ብርጭቆ

የቤተ ሙከራችንን ዕቃ የሚጠብቁትን ሰው በፊታቸው «ጋሼ»፣ ዞር ሲሉ ደግሞ «ጋሽ ጓጉንቸር» እንላቸው ነበር። በሩ ሁለት ጓጉንቸር ነበረው፤ ቁልፎቹ አንገታቸው ላይ ይውላሉ፣ አንገታቸው ላይ ያድራሉ። ልጅ ሳሉ የመምህራቸውን መነጽር ረግጠው ከአራተኛ ክፍል ተባረዋል ይባላል። ከዚያ ወዲያ ከእጃቸው የወደቀ ነገር የለም።

ማይክሮስኮፖቹንና የመስታወት ዕቃዎቹን ባሕር ማዶ ያለ አንድ ኃያል መንግሥት ከላከልን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። እኛ የምናያቸው በመስኮት ነው። ጋሼ በየሳምንቱ ሲወለውሏቸው ፀሐይ በየቱቦው ገብታ ግድግዳው ላይ ቀስተ ደመና ትበትናለች። አፌን ከፍቼ እቆም ነበር።

የኬሚስትሪ መምህራችን የእህታቸው ልጅ ናት። ዝምድናው ጠቡን አባሰው እንጂ አላበረደውም።

«ጋሼ፣ ፈተናው ሁለት ወር ቀረው። ልጆቹ አሲድን የሚያውቁት በጠመኔ ነው። አንድ ቀን ይክፈቱልኝ።»

«ሲሰብሩትስ?»

«እኔ እፈርማለሁ።»

«ፊርማሽ ብርጭቆ አይጠግንም።»

«እርስዎ እኮ ዕቃ ጠባቂ አይደሉም፣ መቃብር ጠባቂ ነዎት።»

«አፍሽን ሰብስቢ። እናትሽን ያሳደግኩ ሰው ነኝ።»

በዚያው ሰሞን ለጋሹ መንግሥት ተቆጣጣሪ ላከ። ጋሼ ኮት ለብሰው፣ እንደ ሙሽራ ፊታቸው በርቶ፣ የስብራት መዝገቡን ዘረጉለት። አንድ መስመር አልተጻፈበትም። እንግዳው ገለጠ፣ ገለጠና በአስተርጓሚ እንዲህ አለ፦

«ምንም ካልተሰበረ ማንም አልተማረም። እኛም እንዲህ ነበርን። የኛ ልጆች መጽሐፍ ሲሸመድዱ የባላንጣችን ልጆች ሞተር እየፈቱ፣ ብርጭቆ እየሰበሩ አደጉ። በኋላ ጥለውን በሮኬት ወደ ሰማይ ወጡ። ያሸነፈን ጦራቸው አይደለም፤ የመማሪያ ክፍላቸው ነው። ቤተ ሙከራችንን ለልጆች ከፍተን ቁልፉን የወረወርነው ያኔ ነው።»

ከመስኮቱ ሥር ሆኜ ስሰማ ደነገጥኩ። ለካ ኃያላኑ የሚለካኩት እንደኛ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው።

ሁለት ሳምንት ሰጠን፤ ተመልሶ መዝገቡን ባዶ ካገኘው ዕቃው ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጣል።

«ሰሙ ጋሼ? እንግዲህ ይክፈቱ» አለች መምህራችን እየሳቀች።

ዳይሬክተሩ ግን ጣልቃ ገቡ። «ልጅ ገብቶ ሁሉን ያውድመው? አሥራ አምስት ዕቃ ይሰበር፣ ይመዝገብ፣ አለቀ።»

«ማን ነው የሚሰብረው?» አለች መምህራችን።

ዳይሬክተሩ ወደ ጋሼ ዞሩ። ጋሼ አንገታቸው ላይ ያሉትን ቁልፎች ጨበጡ።

«ለነዚህ ዝርክርኮች አሳልፌ ከምሰጥ እኔው ልግደላቸው» አሉ በመጨረሻ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከውስጥ ቆለፉ። እኛ ጆሯችንን በሩ ላይ ለጠፍን። አንድ በአንድ ነበር የሚሰብሩት፤ በየመሃሉ ጸጥታ፣ ከዚያ የአፍንጫ መሳብ ድምፅ። መምህራችን በሩን በጡጫ ደበደበች።

«አንዷን እንኳ ለነሱ ይተዉላቸው። ጋሼ፣ አንዷን ብቻ።»

ውስጥ ሌላ ብርጭቆ ተሰበረ። እሷም ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሼ ብላ አልጠራቻቸውም።

እንግዳው ተመልሶ መዝገቡን አየና ጋሼን ጨብጦ ሄደ። ዕቃው እኛው ዘንድ ቀረ፤ ጓጉንቸሮቹም። ፈተናው ላይ ሊትመስ ወረቀት አሲድ ሲነካው ቀለሙ ምን እንደሚሆን ሲጠየቅ ጠመኔው ያለንን ጻፍን።

መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ አግኝቼ አንብቤዋለሁ። በጋሼ ውብ የእጅ ጽሑፍ የአሥራ አምስት ተማሪዎች ስም ተደርድሯል፤ የእኔም አለበት። በመዝገቡ መሠረት እኔ አንድ ትልቅ ቢከር፣ የቤተ ሙከራ መለኪያ ብርጭቆ፣ ሰብሬያለሁ። «ሙከራ ሲሠራ ከእጁ አምልጦት» ይላል። ቢከር በእጅ ሲያዝ ይከብድ ይቅለል፣ ዛሬም አላውቅም።